«አይሆንም» ማለትን ስለ ማስተማር

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ለዛሬው ጉባኤ ንግግር እንዳቀርብ የጠየቀኝ ስለ አርማታ ጥራት ቁጥጥር ነበር። ርእሱን በፈቃዳቸው ለውጬዋለሁ። ስለ አርማታ ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ ታላላቆቼ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል፤ ለእነሱ መምህር ልሁን ብል ድፍረት ይሆንብኛል። በሌላ በኩል ግን ላለፉት አራት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ከምህንድስና ተማሪዎች ጋር ስሠራው የቆየሁት አንድ ነገር አለ። ይኸውም የሙያ ጠባይን በክፍል ውስጥ፣ በውይይትና ራስን በመመርመር ለመቅረጽ የተደረገ ሙከራ ነው። ፈጽሞ ተሳክቷል ብዬ ልነግራችሁ አልመጣሁም። ከፊሉ ተሳክቷል፤ ከፊሉ ደግሞ እኔኑ አስተማሪውን አጋልጧል። የምናገረውም በተለይ ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ነው።

አሳቡ የመነጨው ከእኛ ሙያ አይደለም። የባለቤቴ ታላቅ እኅት ፋርማሲስት ናቸው፤ የፋርማሲ ተማሪዎችንም ያስተምራሉ። አንድ ቀን ለቤተ ሰብ ጉዳይ ወደ ትምህርት ቤታቸው ብሄድ ክፍል ገብተው ኖሮ «ከኋላ ቁጭ ብለህ ጠብቀኝ» አሉኝ። ተቀመጥሁ። ሁለት ጠረጴዛዎች ተገጣጥመው የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ሆነዋል። አንዲት ተማሪ ነጠላዋን እንደ አሮጊት ተከናንባ ቀረበች። የሐኪም ማዘዣ የላትም፤ የያዘችው ባዶ የመድኃኒት ማሸጊያ ነው። «ልጄ፣ ይኸንኑ ቀይና ቢጫውን እንክብል ስጠኝ፤ የጎረቤቴን ልጅ ከሳል የገላገለው እሱ ነው» አለችው። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ተማሪ «ያለ ማዘዣ አይሸጥም» አላት። ስለ ክሊኒኩ ወረፋ፣ ስለ ታክሲው ሒሳብ፣ ሌሊቱን ስለሚያስለው ልጅ ነገረችው። እሱ ያንኑ ቃል ደገመላት፤ ሦስተኛም ጊዜ ደገመላት።

ልጁ ትክክል ነበር። የተሕዋስያን መግደያ መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ ሲሸጥ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን እየተላመዱት እንደሚሄዱ፣ አንድ ቀንም ለእውነተኛው በሽተኛ የማይሠራ እንደሚሆን የሚያውቅ ነው። ነገር ግን እትዬ «ጎበዝ» አላሉትም፤ «ተሳስተሃል»ም አላሉትም። «ሁላችሁም ወረቀት አውጡ። ለግማሽ ሰዓት ማንም እንዳይናገር። ሕጉን አትጻፉልኝ፤ የሆነውን ጻፉልኝ» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጁ በፈቃዱ ተነሥቶ የጻፈውን አነበበ። መከልከሉ ልክ እንደ ነበረ፣ ሲከለክላት ግን መደርደሪያውን እንጂ እሷን እንዳላየ፣ ከእሱ ተለይታ ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደሚቀጥለው መድኃኒት ቤት እንደምትሄድም እያወቀ እንደ ሸኛት ነበር የጻፈው።

እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። እኔ በዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት የጭነት ስሌት፣ የአፈር ጠባይ፣ የውሃ ፍሰት ተምሬአለሁ፤ ስለ ሙያ ሥነ ምግባርም በመጨረሻው ዓመት ጥቂት ክፍለ ጊዜያት ተሰጥቶን፣ የደንቡን ነጥቦች ሸምድደን ተፈትነናል። በባንኮኒው ጀርባ የቆመ ሰው ጉሮሮው ለምን እንደሚደርቅ ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

ሁለቱ ሙያዎች ከሚመስሉት በላይ ይቀራረባሉ። ፋርማሲስትም ሆነ መሐንዲስ የሚሰጠውን ነገር ተቀባዩ መርምሮ ሊያውቀው አይችልም። ክኒኑን የሚውጠው ሰው ውስጡ ያለውን አያይም፤ ፎቅ ላይ የሚተኛው ሰውም ኮለኑ ውስጥ ያለውን ብረት አይቈጥርም። ሁለቱም የሚያምኑት ፊርማውን ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ይህን ተገንዝቦ በቁጥር 2031 የሙያ ሥራ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበት፣ ባለመጠንቀቁ ለሚደርሰውም ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን ደንግጓል። ሐኪም፣ ፋርማሲስት፣ መሐንዲስ ብሎ አልለየም።

እትዬ ለተማሪዎቻቸው ሁልጊዜ የሚያነሡት ታሪክ አለ፤ እኔም ወስጄዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት በፈሳሽ መልክ ለመሸጥ ፈለገ። የኩባንያው ኬሚስት መድኃኒቱን ዳይኤቲሊን ግላይኮል በተባለ ፈሳሽ ውስጥ አሟሟው። ጣዕሙ፣ ቀለሙና ሽታው ተመርምሮ አለፈ። መርዝነቱ ግን አልተመረመረም፤ የዘመኑ ሕግ ይህን አያስገድድምና። ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱም መካከል ብዙ ሕፃናት ነበሩ። መንግሥት መድኃኒቱን ከገበያ ለመሰብሰብ ያገኘው ሕጋዊ ምክንያት ስሙ ብቻ ነበር፤ «ኤሊክሲር» የሚባለው አልኮል ያለበት ሲሆን ነው፣ ይህኛው ግን የለበትም ተብሎ! ኬሚስቱ ራሱን ገደለ። በተከታዩ ዓመት በ1938 አዲስ የመድኃኒት ሕግ ወጣ። ይሁን እንጂ ከ85 ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ የዓለም የጤና ድርጅት በጋምቢያ ከወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ሞት ጋር በተያያዘ ባስጠነቀቀባቸው የሳል ሽሮፖች ውስጥ የተገኘው ያው ዳይኤቲሊን ግላይኮል ነበር። ሕጉ ወጥቷል፣ መጽሐፉ ተጽፏል፣ መመርመሪያው አለ። አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው ሳያይ ፈርሟል።

ወደ እኛ ክፍል ልመለስ። ቅዳሜ ጠዋት ሃያ የማይበልጡ ተማሪዎች ይሰበሰባሉ። ሥርዓቱን በጠቅላላው ከእትዬ ነው የቀዳሁት፤ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ይቀርባል፣ ተማሪዎች የባለ ጉዳዮቹን ቦታ ይዘው ይነጋገራሉ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ዝም ብለው ይጽፋሉ፣ የፈለገ ያነባል፣ ያልፈለገ ደብተሩን ዘግቶ ይሄዳል። ማርክ የለም። ደብተሩንም አልሰበስብም። መጀመሪያ ሰብስቤ ነበር፤ ያን ጊዜ የጻፉልኝ ሁሉ እኔን ደስ የሚያሰኝ ሆኖ ስላገኘሁት ተውሁት።

አብዝቼ የምጠቀምበት ጉዳይ የካንሳስ ሲቲው ሆቴል ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1981 በሃያት ሪጀንሲ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰዎች ሲጨፍሩ ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት መተላለፊያዎች አንዱ በሌላው ላይ ወደቁ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቈሰሉ። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱንም መተላለፊያዎች የሚይዘው ከጣሪያ እስከ ታች የሚወርድ አንድ ወጥ የብረት ዘንግ ነበር። ብረት ሠሪው ያን ያህል ርዝመት ያለውን ዘንግ ጥርስ ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነበት ዘንጉ ለሁለት እንዲከፈል፣ የታችኛው መተላለፊያ ከላይኛው ላይ እንዲንጠለጠል አሳብ አቀረበ። አሳቡ ተቀባይነት አገኘ፤ የፋብሪካው ሥዕልም የመሐንዲሱ ማኅተም አረፈበት። የላይኛው መተላለፊያ መያዣ በዚህ ለውጥ ብቻ ሁለት እጥፍ ጭነት ተሸከመ። ይባስ ብሎ የመጀመሪያውም ንድፍ ቢሆን በከተማው ደንብ ከሚፈለገው አቅም 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር የሚሸከመው።

ይህን ለተማሪ በሰሌዳ ላይ መሳል አያስፈልግም። በሲባጎ ላይ ውሃ የሞሉ ሁለት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካኖች፣ እያንዳንዱን በራሱ ቋጠሮ አስራችሁ አንጠልጥሉ፤ ቀጥሎ የታችኛውን ፈትታችሁ በላይኛው ጀሪካን እጀታ ላይ እሰሩት። የላይኛው ቋጠሮ ሲጠብቅ ያዩታል። ሁሉም በአንድ ደቂቃ ይገባቸዋል፤ ሁሉም «እንዴት ይህን ሳያዩ ቀሩ?» ይላሉ።

ከዚያ ቦታ ይታደላሉ። አንዱ ብረት ሠሪ፣ አንዱ ወጣት መሐንዲስ፣ አንዷ የቢሮው ኃላፊ፣ አንዱ ባለ ንብረት ይሆናሉ። ብረት ሠሪው ስልክ ይደውላል። አንድ ቅዳሜ የብረት ሠሪውን ቦታ የያዘው ከሌሎቹ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ቀደም ሲል በሳይት ላይ የሠራ፣ አነጋገሩ የሚጥም ሰው ነበር። «ኢንጂነር፣ ልጄ፣ እኔ ይህን ሥራ ሃያ ዓመት ሠርቼዋለሁ፤ ነገ ሠራተኛ ቆሞ ይውልብኛል፤ አንተን ላላስቸግር ብዬ እንጂ እኔው ጨርሼው ነበር» አለ። መሐንዲስ የሆነው ተማሪ ጀሪካኖቹ ከፊቱ ተንጠልጥለው እያያቸው አራት ደቂቃ ሳይሞላ «እሺ፣ ይሁን» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ግን አልሳቀም።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ነገሩ የገባኝ። የጐደለው ዕውቀት አይደለም። የአገራችን ወጣት መሐንዲስ በሳይት ላይ የሚገጥመው ከባዱ ነገር ይሉኝታ ነው። ፎርማኑ አባቱን የሚያህል ነው፤ እንደ አባት ያቅፈዋል፣ ምሳ ያጎርሰዋል፣ ፊቱን ከፀሐይ እንዲከልል የራሱን ኮፍያ ይሰጠዋል። ለዚህ ሰው «ያሠሩት ብረት ልክ አይደለም፣ ይፍረስ» ማለት ባለጌ መሆን ይመስለዋል። ይሉኝታ መጥፎ ነገር ነው ብዬ አላስተምርም፤ ያለ እሱ አብሮ መኖር አይቻልም። የማስተምረው ቃሉን ነው። «አባቴ፣ እርስዎን አላምን ብዬ አይደለም፤ ፊርማው የኔ ስለሆነ አንድ ጊዜ አብረን እንቍጠረው» ማለት ይቻላል። ተማሪዎቹ ይህን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው ይለማመዱታል። መጀመሪያ ያፍራሉ፤ በአራተኛው ቅዳሜ አፋቸው ላይ ይገባል። ለዚህ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ቅዳሜ ማባከን ነው የምትሉኝ ካላችሁ ከጉባኤው በኋላ ልንከራከር እንችላለን።

መሐላን የሚመርጡ አሉ። ለፋርማሲ ተማሪዎች ነጭ ካፖርት የማልበስ ሥነ ሥርዓት በብዙ አገር ይደረጋል። በካናዳም እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ አዲስ መሐንዲሶች ቃል ገብተው በትንሿ ጣታቸው የብረት ቀለበት ያጠልቃሉ። (ቀለበቱ በ1907 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር 75 ሠራተኞችን ይዞ ከወደቀው የኬቤክ ድልድይ ብረት የተሠራ ነው የሚባለው ተረት ነው፤ ተረት ሆኖ ግን ሥራውን ይሠራል።) ሥነ ሥርዓቱን አልቃወምም። ነገር ግን መሐላ የአንድ ቀን ነው፣ ስልኩ የሚደወለው ደግሞ በሌላ ቀን ነው። የማሳቹሴትሱ ፕሮፌሰር ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ የባለሙያ ዕውቀት ትልቁ ክፍል ከመጽሐፍ የሚቀዳ ሳይሆን፣ ሰውየው እየሠራ የሚያደርገውን መልሶ ሲያስብበት የሚገኝ መሆኑን አስረድቷል። የግማሽ ሰዓቱ ዝምታ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

ስለ ቦይንግ ጉዳይ ብዙ አልናገርም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አልቀዋል። ከዚያ በፊት ጥቅምት 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዢያ ተመሳሳዩ አውሮፕላን 189 ሰዎች ይዞ ባሕር ገብቷል። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው ሥርዓት በአንድ መለኪያ ብቻ ላይ ተመሥርቶ እንዲሠራ መደረጉን፣ ለአብራሪዎችም መጽሐፍ ሳይገለጽ መቅረቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህን ጉዳይ በክፍል ውስጥ ሳቀርብ የተጫዋች ቦታ አላድልም። አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር። የኩባንያውን መሐንዲስ ቦታ እንድትይዝ የጠየቅኋት ተማሪ «እኔ አልችልም» አለች፤ ምክንያቷን አልጠየቅኋትም። ለዚህ ጉዳይ የምናደርገው መጻፉን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ራሴ እመጣለሁ።

በሥራ በሁለተኛ ዓመቴ በአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ላይ የአማካሪው ተቈጣጣሪ ሆኜ ተመድቤ ነበር። የክረምት ዓርብ ቀን ነው፤ ማደባለቂያው እየዞረ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ የመሬት ቤቱ ኮለኖች አርማታ ሊሞሉ ሲሉ ፎርማኑ ቅጹን ይዞ መጣ። ሁለቱን ኮለኖች አይቼ ነበር፤ ልክ ነበሩ። ቅጹ ግን የአሥራ ሁለቱም ነው። ፈረምሁ። ከሰባት ወር በኋላ ለውሃ ቧንቧ ማሳለፊያ አንዱ ኮለን ከራስጌው ሲፈነቀል ስታፋዎቹ በአሥር ሳንቲ ሜትር ፈንታ በሃያና ከዚያም በላይ ተራርቀው ታዩ። ለአለቃዬ ነገርሁ። «ያንን አንዱን አስጠግን፤ ሌላውን አትነካካ» ተባልሁ፤ አልነካካሁም። ሕንጻው ተጠናቀቀ፣ ቀለም ተቀባ፣ ሰው ገባበት።

ተማሪዎች ስሕተታቸውን እንዲጽፉ ሳደርግ እኔ ዝም ማለት ስለማይገባኝ ይህንኑ ጽፌ አነበብሁላቸው። ያነበብሁት፣ አሁን ሳስበው፣ እንደ ጥሩ ምሳሌ አድርጌ ነው፤ መምህሩም ሰው ነው እንዲባልልኝ። ካበቃሁ በኋላ ከፊት የተቀመጠ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ሕንጻው አሁን ሰው አለበት?» አለኝ። «አዎ» አልሁ። «የቀሩት ኮለኖች ታይተዋል?» አለኝ። ጉዳዩ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን፣ እኔም ከዚያ መልቀቄን የሚመለከት አንድ መልስ ሰጠሁት። ልጁ አልተከራከረኝም። ደብተሩን ከፍቶ ጻፈ። ምን እንደ ጻፈ አላውቅም፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝና አልጠየቅሁትም።

ያኔውኑ ሄድሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ አልሄድሁም። ወራት አለፉ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ተደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባም ድረስ እንደ ተሰማ ታስታውሳላችሁ። አንድ ሌሊት ቤቴ ውስጥ የመብራቱ ገመድ ሲወዛወዝ አየሁት። ስታፋ ለምን እንደሚያስፈልግ ለእናንተ መንገር አያሻኝም፤ በሰላሙ ቀን ኮለኑ ያለ እሱም ይቆማል። በማግሥቱ የሕንጻውን ባለቤት ፈልጌ አገኘኋቸው። ቁጭ ብለው ሰሙኝና «እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

በዚህ አዳራሽ ያሉ አንድ አንጋፋ ባለሙያ፣ ስማቸውን እንዳልጠራ አዘውኛል፣ ብረት በአርማታ ውስጥ የሚፈልገውን መሣሪያ ይዘው ሦስት ቀን አብረውኝ ዋሉ። ከቀሩት ዐሥራ አንድ ኮለኖች ስድስቱ ልክ ሆነው ተገኙ። አምስቱ አልነበሩም። አምስቱ ዛሬ ከአራቱም ማዕዘን በብረት አንግል ታስረው ተለስነዋል። ወጪውን ተቋራጩ አልከፈለም፤ ድርጅቱ ፈርሷል። ከፊሉን ባለቤቱ፣ ከፊሉን እኔ በየወሩ እየከፈልን ነው። ለልጁ ሄጄ ነገርሁት። ያን ጊዜ ተመርቆ ሥራ ይዞ ነበር። «ስንት ነበሩ?» ብሎ ጠየቀኝና አምስት ስለው ራሱን ነቀነቀ።

የመጨረሻው ነገር ይህንኑ ልጅ የሚመለከት ነው። ባለፈው ዓመት ደወለልኝ። በሚሠራበት ሳይት ያላየውን የሶሌታ ብረት እንዲፈርም ተጠይቆ፣ በክፍል የተለማመድነውን ዓረፍተ ነገር በትሕትና ተናግሮ፣ በሳምንቱ ከሥራ ተሰናብቷል። በቁጣ አልነበረም የደወለው። «አሁንስ ምን እላለሁ? የተለማመድነው እስከዚያ ድረስ ነበር» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም። ልጁን «አይሆንም» እንዲል አስተምሬው፣ ካለ በኋላ የሚቆምበትን ቦታ አላዘጋጀሁለትም። ቦታውን ማዘጋጀት የአንድ ቅዳሜ መምህር ሥራ አይደለም፤ የማኅበር ሥራ ነው።

ስለዚህ ለሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ በጽሑፍ ያቀረብሁት ጥያቄ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው፣ ወጣት መሐንዲስ ፈርም ተብሎ ሲቸገር በማንኛውም ሰዓት የሚደውልላቸው፣ ካስፈለገም ሳይቱ ድረስ አብረውት የሚሄዱ ሦስት አንጋፋ አባላት እንዲሰየሙ ነው። አንዱ ቦታ ከወዲሁ ተይዟል፤ ያ መሣሪያ ይዘው ሦስት ቀን አብረውኝ የዋሉት ሰው እሺ ብለዋል። ሁለት ይቀራል።

ሁለተኛው ቀላል ነው። የቅዳሜው ክፍል ከመስቀል በኋላ ይጀመራል፤ ሰዓቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። በየሳምንቱ አንድ አባል መጥቶ ግማሽ ሰዓቱን ከተማሪዎቹ ጋር እንዲጽፍ እፈልጋለሁ። ንግግር ማዘጋጀት አያስፈልግም። ከፈረማችሁባቸው ቅጾች ውስጥ ደግማችሁ ልታዩት የማትወዱትን አንዱን ይዛችሁ ብትመጡ ይበቃል። የመመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ከሻዩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ እስክሪብቶም አብሮ አለ።